ጭብጨባው ሳያበቃ

ፋኦል ከርብራቡ ላይ ሲዘል አዳራሹን የሞላው ሰው በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

«ዋዳ ሶር»፣ የሶር ቃል ኪዳን ማለት ነው፣ መቱ ስታወራለት የከረመችው ቴአትር ነበር። የጻፉት የከተማዋ አስተማሪ፣ የሚጫወቱት የከተማዋ ልጆች፣ ቋንቋው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፋን ኦሮሞ። በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እየዘነበ እንኳ ከጎሬና ከያዮ ሰው በሚኒባስ ተጭኖ መጥቷል። በመጨረሻው ትዕይንት ፋኦል የሚጫወተው ገመቹ የሚባል ጎረምሳ ፍቅረኛዬ ከዳችኝ ብሎ ከሶር ፏፏቴ ጫፍ ይወረወራል። ፏፏቴው ሰፊ አቡጀዲ ላይ የተሳለ ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ጀርባ ዘላዩን የሚቀበሉ ሦስት ስፖንጅ ፍራሾች ይደረደራሉ።

በዚያን ዕለት ግን ከሥዕሉ ጀርባ ፍራሽ አልነበረም።

ተዋናዮቹ እጅ ለመንሳት ተሰለፉ። ለመሪ ተዋናዩ የተተወው ቦታ ባዶ ሆኖ ቆየ። ሕዝቡ አሁንም ያጨበጭባል። የመድረክ ኃላፊው ሰቦቃ ፋኦልን ሊጠራ ወደ ኋላ ዞረና በሲሚንቶው ወለል ላይ ተዘርግቶ አገኘው። ሆስፒታል ሲያደርሱት ትንፋሹ አልነበረም።

ካጨበጨቡት ሰዎች አንዷ ኢንስፔክተር ዲሪቤ ኪቲላ ነበረች። የእረፍት ቀኗ ስለነበር የሲቪል ልብስ ለብሳ ከኋለኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ጩኸቱን ስትሰማ ወንበሮች እየዘለለች መድረኩ ላይ ወጣች፤ በሮቹን አዘጋች፤ ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘች። በኋላ ብዙ ጊዜ ያንገበገባት ነገር ያ ጭብጨባዋ ነበር። ሰው ዓይኗ ሥር ሲሞት እሷ እጇን ታማታ ነበር።

ፍራሾቹን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀም። ሁለቱ ከመድረኩ ጀርባ በተቆለሉት አሮጌ አግዳሚዎች ሥር ተጎትተው ገብተዋል። አንደኛው የልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ተነጥፎ ተገኘ።

ሰቦቃ የአናጺ እጁን እያፍተለተለ ቀረበ። ርብራቡን በምስማርና በብሎን ያቆመው እሱ ነው፤ በሥራው የሚኮራ፣ በከተማው ጥሩ ስም ያለው ሰው ነው። ከእረፍቱ በኋላ፣ የመጨረሻው ገቢር ሊጀመር ሲል፣ ፍራሾቹን በእጁ ዳስሶ እንዳረጋገጠ ነገራት።

«ሁሉም በቦታቸው ነበሩ?»

«ሁሉም።»

ከዚህ ተነስታ ዲሪቤ እንዲህ አሰበች። ፍራሾቹ የተነሱት የመጨረሻው ገቢር እየታየ ሳለ ነው። በዚያ ገቢር ከመድረክ የማይወርዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ሟቹ ፋኦል፣ ሌላዋ የገመቹን ፍቅረኛ የምትጫወተው መነን። መነን የእውነትም የፋኦል እጮኛ ነበረች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ልጅቷ የመድረክ ልብሷን እንደለበሰች ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ለተጠየቀችው ሁሉ በአጭሩ መለሰች፤ በእረፍቱ ሰዓት ጥግ ይዛ ቃለ ተውኔቷን ስታጠና እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ ከመድረክ እንዳልወረደች። አላለቀሰችም። ዲሪቤ ድንጋጤው አድርቋት ነው ብላ አለፈቻት።

አባቷ ጋሼ ታከለ አጠገቧ ቆመው ነበር። የቴአትሩ ጸሐፊና አዘጋጅ እሳቸው ናቸው። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ከወላጆቻቸው ጋር በልጅነታቸው መጥተው፣ አፋን ኦሮሞን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ እየተጫወቱ የለመዱ፣ ኋላም በዚያው ቋንቋ የሚጽፉ ሰው ናቸው። የመቱን ግማሽ አስተምረዋል፤ ዲሪቤም ተማሪያቸው ነበረች። በዚያን ዕለት ከአዳራሹ መግቢያ በር አጠገብ ቆመው ቴአትራቸውን ሲከታተሉ ብዙ ሰው አይቷቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት የፋኦል እናት አዴ ሻሽቱ ለብቻቸው ፖሊስ ጣቢያ መጡ። ፋኦል ያለ አባት ያሳደጉት አንድ ልጃቸው ነበር። ጥቁር ነጠላቸውን አጥብቀው፣ ወንበር ሲሰጣቸው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«ልጄ መልአክ ነበር እንድትሉኝ አልመጣሁም። የሆነውን ንገሪኝ። መጥፎውንም ጭምር።»

ዲሪቤ እነግርዎታለሁ አለች። ስትል ግን ምን እንደምትነግራቸው አታውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ዲንቃ ላይ አረፈ። ዲንቃ በቴአትሩ የገመቹን ባላንጣ የሚጫወት፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት ነው። ከበሮ መቺዎቹ ፍራሽ ሲጎትት አይተነዋል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ ከፋኦል ጋር አንገት ለአንገት ተያይዘው ሰው እንደገላገላቸው መሰከሩ። ዲሪቤ አስጠርታ ጠየቀችው። ፍራሹን መውሰዱን አልካደም። ለምን እንደወሰደው፣ ከፋኦልስ በምን እንደተጣላ ሲጠየቅ ግን ከንፈሩን ገጠመ።

«ዝም ማለትህ እንደሚጎዳህ ታውቃለህ?» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የምናገረው የራሴ ቢሆን እናገረው ነበር።»

አለቃዋ ዲንቃ ታስሮ እንዲቆይ አዝዞ ጉዳዩ አበቃ አለ። ፍራሽ የወሰደ ሰው ተገኝቷል፤ ጠብ ነበረ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ አላት። ዲሪቤ አልላክም አለች። ዲንቃ የወሰደው ፍራሽ የተገኘው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ተደብቀው ነበር። አንድ ሰው አንዱን በግልጽ አንጥፎ ሌላውን ለምን ይደብቃል? በሥራዋ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይዛ ፊርማዋን እንደማታኖር ለአለቃዋ በግልጽ ነገረችው። ጥቂት ተቆጣ፤ ከዚያ ተዋት።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ልጅ በባጃጅ መጥታ ጣቢያው በር ላይ ወረደች። ጃለኔ ትባላለች፤ የዲንቃ እህት ናት፤ በቴአትሩ ከአዝማሪዎቹ ጋር ትዘፍናለች። ወንድሟ እሷን ለመሸፈን ብሎ እንደታሰረ፣ ከዚህ በላይ ዝም ማለት እንደማትችል ተናገረች። በእረፍቱ ሰዓት ራሷን ስታ ወድቃለች። ዲንቃ ከመድረኩ ጀርባ የላይኛውን ፍራሽ አንስቶ አምጥቶ አስተኛት። ከአጠገቧ ሳይለይም ቴአትሩ አለቀ፤ እሱ የሚጫወተው እስከ እረፍቱ ድረስ ነበር። ራሷን የሳተችበትን ምክንያት ዲሪቤ ስትጠይቃት ልጅቷ ቀና ብላ መለሰች።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። ከፋኦል ነው።»

ዲንቃ ነገሩን ጠርጥሮ ነበር ከፋኦል ጋር የተያያዘው። እርግጡን የሰማው ግን በዚያው በእረፍቱ ሰዓት፣ እህቱ ፍራሹ ላይ ተኝታ ስታለቅስ ነው። መነን ታውቅ እንደሆነ ዲሪቤ ጠየቀች። ጃለኔ አታውቅም አለች፤ ከፋኦልና ከወንድሜ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ፋኦል ራሱ ከቴአትሩ በኋላ ለመነን እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር አለች።

የእህት ቃል ለወንድም ብዙ አይመዝንም። ዲሪቤ ይህን ስለምታውቅ ወደ ከበሮ መቺዎቹ ተመለሰች። ዲንቃን ፍራሽ ሲጎትት ያያችሁት መቼ ነው? በእረፍቱ ነው፤ በረንዳ ላይ በቆሎ እየበላን ነበር አሉ ሁሉም በአንድ ቃል። ይህን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። በእረፍቱ ሰዓት አንዱ ፍራሽ ተነስቶ ከነበረ፣ ሰቦቃ ከእረፍቱ በኋላ «ሁሉም በቦታቸው ነበሩ» ሊል አይችልም። በእጁ ዳስሶ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱን ያውቅ ነበር።

ሰቦቃን ሥራ ቦታው ሄዳ አገኘችው። መጋዙን አስቀመጠ። የደረሰችበትን ስትነግረው አልተከራከረም፤ ፊቱ ብቻ ቀስ እያለ ተለወጠ። አዳራሹ እንዲያ ሞልቶ አይቶ እንደማያውቅ፣ እረፍቱ ሲያልቅ በመጋረጃው ቀዳዳ ሕዝቡን እያየ እንደቆየ፣ ይህ ሁሉ ሰው እኔ ያቆምኩትን መድረክ ሊያይ መጣ እያለ ልቡ እንደተሞላ ነገራት። መጋረጃው ሲከፈት ወደ ኋላ አልሄደም ነበር።

«ቸልተኛ ከምባል ውሸታም ብሆን መረጥኩ» አለ። «ልጁን ገደልኩት?»

ዲሪቤ፣ ዲንቃ ታስሮ እያለ እሱ እውነቱን ባለመናገሩ ወቀሰችው። ቃሉን አስተካክሎ እንዲሰጥ ይዛው ሄደች። ዲንቃም በዚያው ቀን ተፈታ።

አሁን ሌሎቹ ሁለት ፍራሾች በእረፍቱም ሰዓት ሊነሱ ይችሉ ነበር ማለት ነው። በእረፍቱ ሰዓት ደግሞ የቡድኑ አባል ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ዲሪቤ ከተመልካቾች በስልክ የተቀረጹ ቪዲዮዎችን ሰበሰበች። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ በቪዲዮዎቹ ላይ ከዝናቡ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ፋኦል ርብራቡ ጫፍ ላይ ቆሞ ይታያል። መነን እጁን ትይዘዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱ ፈገግ ብሎ እጁን ያስለቅቃል፤ ይዘላል። ይህችን ቅጽበት ዲሪቤ በዓይኗ አይታታለች። ያን ዕለት ያስለቀሰቻትም ያቺው ቅጽበት ነበረች፤ ተውኔቱ እንዲህ ነው ብላ።

ምናልባት ከመድረኩ ጀርባ የመጎተት ድምፅ የሰማ ይኖር እንደሆነ ብላ ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን በየቤታቸው ጠየቀች። የሰማ የለም። በመጨረሻ ገበያ መሃል ጨርቅ ወደሚሸጡት ወደ እትዬ ነኢማ ሄደች። ከወሎ መጥተው በሰፈራው መንደር የሚኖሩ ነጋዴ ናቸው። ለተዋናዮቹ ልብስ ስላዋሱ የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው መድረኩ ሥር ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም ከዝናቡ በቀር ምንም አልሰማሁም አሉ። ከዚያ ጨርቅ እያጠፉ፣ እንደ ዋዛ፣ ጨመሩበት።

«መቼም የገበያውን ኦሮምኛ አውቃለሁ። የመድረኩ ግን ጠለቅ ያለ ነው፣ ብዙው አመለጠኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ብቻ ጥርት ብላ ገባችኝ።»

«የትኛዋ፣ እትዬ?»

«ልጅቷ እጁን ይዛ ያለችው ነዋ። በአማርኛ ነበር። ‹ይቅር፣ ፋኦል፤ ዛሬ ይቅር› አለችው። አንጀቴን በላችው።»

«ፋኦል ነው ያለችው? ገመቹ አይደለም?»

እትዬ ነኢማ ጨርቁን አስቀምጠው አሰቡ። «ፋኦል ነው ያለችው» አሉ። «ስሙ እሱ አይደል እንዴ?»

ዲሪቤ በእግሯ ወደ ጋሼ ታከለ ቤት ሄደች። መኪና ማስጠራት ትችል ነበር፤ መንገዱ እንዲረዝም ፈለገች። መነን እቤት አልነበረችም። ከቀብሩ በኋላ ጎሬ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች። ጋሼ ታከለ ከበር ተቀብለው አስገቧት፤ እንደ ድሮው «አንቺ» እያሉ አጫወቷት፤ የቴአትሩን መጨረሻ ሲያነሱ ድምፃቸው ደመቀ። ልጄ እንደዚያን ቀን ተጫውታ አታውቅም አሉ። ኩራታቸው ሐዘናቸውን አልፎ ይታይ ነበር። ዲሪቤ አንገቷን ደፍታ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ፋኦል ሊዘል ሲል መነን የምትለው ምንድነው? እርስዎ የጻፉት።»

«ምንም። ጀርባዋን ሰጥታው ዝም ትላለች።»

«እጁን ይዛው ነበር።»

«ዓይቻለሁ። ከበር ሆኜ ቃሏ አልተሰማኝም፤ የራሷን ጨምራ ነው ብዬ ኮርቼባታለሁ። ምን ብላው ነበር?»

ነገረቻቸው። በአማርኛ፣ በእውነተኛ ስሙ፣ ዛሬ ይቅር ብላ።

ጋሼ ታከለ መነጽራቸውን አወለቁ። በቤታቸው አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ይህን ዲሪቤ ታውቃለች፤ እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ፍራሹ እንደሌለ የማያውቅ ሰው ዛሬ ይቅር ብሎ አይለምንም። ከውጭ ባጃጅ አለፈ።

«ቅዳሜ ማታ እቤት ስንለማመድ እኔ ነኝ የጨመርኩላት ብልሽ፣ ማን ያስተባብለኛል?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም፣ ጋሼ።»

«አንቺስ?»

«እኔም አልችልም። እርስዎ ያሉትን እጽፋለሁ።»

ዲሪቤ አላጣደፈቻቸውም። በልጅነቷ ይህን ሰው ስታያቸው፣ ሲያድግ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ ወይ ትል ነበር። አሁን እንዲዋሹ አንድ ልቧ ፈለገ።

«እኔ የጻፍኩት ቃል አይደለም» አሉ ጋሼ ታከለ። ቀጥ ብለው ተነሱና ኮታቸውን አነሱ። «ከቴአትሬ ውስጥ የለም። ጎሬ አብሬሽ እሄዳለሁ። ልጄን ፖሊስ ብቻውን አይጠይቃትም።»

ጎሬ ከኮረብታዋ ላይ ጉም ለብሳ ነበር። መነን አክስቷ ግቢ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። የሚመጡት ለቀስተኞች እጮኛዋን ያጣች ልጅ እያሉ ያጽናኗታል። አባቷን ከዲሪቤ ጋር ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አባዬ፣ ነግረሃታል?»

«ያልጻፍኩትን አልጻፍኩም አልኩ እንጂ ሌላ የማውቀው የለም» አሏት። «የቀረውን አንቺ ንገሪን።»

ነገረቻቸው። በእረፍቱ ሰዓት ነጠላዋን ልትወስድ ወደ ልብስ መቀየሪያው ስትሄድ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጃለኔ ከፋኦል ማርገዟን ለወንድሟ ስትናገር ሰማች። ሽማግሌ የላከባት ሰው፣ አባቷ እጁን የጨበጡት ሰው። ሳይታወቃት ከመድረኩ ጀርባ ራሷን አገኘችው። አንዱ ፍራሽ ተነስቶ ነበር። የቀሩትን ሁለቱን ጎትታ አግዳሚዎቹ ሥር ሸሸገቻቸው። ይሞታል ብላ አላሰበችም። እግሩ ይሰበራል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይዋረዳል፣ እኔ የተዋረድኩትን ያህል ይዋረዳል ብላ ነው። መድረኩ ላይ ወጥታ የርብራቡን ከፍታ ከላይ ቁልቁል ስታየው ግን ሐሳቧን ቀየረች።

«እጁን ይዤ ለመንኩት» አለች። «ፈገግ አለ። የምጫወት መስሎት ነው። በጆሮዬ ‹ጎበዝ› አለኝና እጁን አስለቀቀኝ።»

ዲሪቤ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ለምን አልጮህሽም፣ መነን? መጋረጃውን ዝጉ ብትይ ይበቃ ነበር።»

ልጅቷ የመለሰችው ወደ አባቷ እያየች ነው።

«አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከበሩ ቆመህ ታየኝ ነበር፣ አባዬ። ቴአትርህን በአፌ ማፍረስ ከበደኝ። አንድ ጊዜ ብቻ መጮህ ነበር፤ አቃተኝ።»

ጋሼ ታከለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይፍረስ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

መነን ካቴና አልጠበቀችም። ፊቷን ታጠበች፤ የአክስቷን ጉልበት ስማ ተሰናበተች፤ ለቀስተኞቹ እያዩዋት ለመኪናው ራሷ በር ከፍታ ገባች። መቱ ጣቢያ ደርሰው መርማሪ ፖሊሱ ቃሏን ሲጽፍ «በቅናት ተነሳስቼ» ብሎ ጀመረ። አስቆመችው።

«ቅናት አይደለም። ኩራቴ ተነካ። ሁለቴም ኩራቴ ነው፤ ፍራሹን ሳነሳም፣ ሳልጮህ ስቀርም። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

እንዳለችው ተጻፈ። ፈረመች።

ዲሪቤ ለአዴ ሻሽቱ የገባችውን ቃል ልትፈጽም ኮፍያዋን ስታነሳ ጋሼ ታከለ ከበሩ ላይ ጠበቋት። ነገሩን ለፋኦል እናት የምነግራቸው እኔ ነኝ አሉ፤ ከፖሊስም ከጎረቤትም በፊት ከእኔ ይስሙት። አደገኛ ነው አለቻቸው፤ የለቅሶው ድንኳን የሟች ዘመድ የሞላበት ነው። አውቃለሁ ብለው መንገድ ጀመሩ። ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ወሬው ጸጥ አለ። ጋሼ ታከለ አዴ ሻሽቱ ፊት ቆመው በአፋን ኦሮሞ ሁሉንም ተናገሩ። ያን ከሁሉ የሚያምር ቋንቋቸውን ለዚህ አላስዋቡትም፤ በአጫጭር ቃል ጨረሱት። የጃለኔንም አልደበቁም። ልጄ ነች አሉ፤ የጻፍኩትና ርብራቡን ከፍ አድርጉ ያልኩትም እኔ ነኝ አሉ። የፋኦል አጎቶች ከተቀመጡበት ተነሱ። ዲሪቤ አንድ እርምጃ ቀረበች።

አዴ ሻሽቱ እጃቸውን ዘርግተው ወንድሞቻቸውን አስቀመጡ።

«ልጄም የሰው ልጅ አታሏል» አሉ። «ይህን ደፍሮ የሚነግረኝ አጥቼ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን አጠነከሩ። «ይቅርታ የለኝም፣ ታከለ። ለአንተም ለልጅህም የለኝም። ወንበር ግን አለ። ቆመህ አትመለስም።»

አንዱ ወንበር አቀረበ። ጋሼ ታከለ ራሳቸውን ቀና እንዳደረጉ ተቀመጡ። አዴ ሻሽቱ ደግሞ አንዲት ዘመዳቸውን ጠርተው ጃለኔን ከቤቷ እንድታመጣ ላኳት፤ በጓሮ በር ሳይሆን በዋናው በር አስገቢያት ብለው።